ስሙ የማይጠራው ሕመምና መለኪያው፤ የአንጀት መጨረሻ ግፊት ምርመራ አጭር ታሪክ

በማስተማር ሥራ ላይ ጥቂት ዓመታት ያሳለፈ ሰው የሚከተለውን ዓይነት ሁኔታ ሳያጋጥመው አይቀርም። ከብዙ ዓመታት በፊት እናስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ በሰባተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ጸጥተኛ ልጅ ነበር። ትምህርቱን በሚገባ ይከታተላል፤ ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ ልብሱ በዓይነ ምድር ይቆሽሽ ነበር። አጠገቡ የሚቀመጡት ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ይስቁበታል፤ ቅጽል ስምም አውጥተውለታል። አንድ ቀን ከእኛ ከአስተማሪዎቹ አንዱ «ይህን ያህል አድገህ አታፍርም?» ብሎ በክፍሉ ፊት ገሠጸው። ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ፤ ከዚያም ቀን ወዲህ አልተመለሰም። «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልተገኘም።

ያ ልጅ ምን እንደነበረበት አሁን ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ያልጠየቅነው ጥያቄ መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች፣ ሰው ዓይነ ምድሩን እንዴት እንደሚቆጣጠርና ለምን መቆጣጠር እንደሚያቅተው በመሣሪያ ለክተው አሳይተዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚያን ምርመራ ታሪክ ነው። ጉዳዩ በሰው ፊት የማይነሣ ስለሆነ በታሪክና በሳይንስ መጻሕፍታችን ውስጥ ብዙ ስፍራ አላገኘም። እኛ ግን ስለ ልብና ስለ ሳንባ እንደምናስተምር ሁሉ ስለዚህም ማስተማር ነውር ነው ብለን አናምንም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

ሁለቱ ዘበኞች

ታሪኩን ለመረዳት በቅድሚያ የአካሉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ትልቁ አንጀት ወደ ፊንጢጣ ከመድረሱ በፊት ያለው የመጨረሻ ክፍሉ ሬክተም ይባላል። መውጫውን ደግሞ እንደ ቀለበት የከበቡት ሁለት ቋጣሪ ጡንቻዎች አሉ። እነዚህን ጡንቻዎች አንድን በር በጋራ እንደሚጠብቁ ሁለት ዘበኞች አድርገን ልናስባቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ዘበኛ የውስጠኛው ቋጣሪ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ከፈቃዳችን ውጭ የሚሠራ ነው፤ ተኝተንም ሆነ ሥራ ላይ ሆነን መውጫውን ዘግቶ ይጠብቃል። በዕረፍት ጊዜ በመውጫው ላይ ያለው የመዝጊያ ግፊት በአብዛኛው የሚመጣው ከእርሱ ነው። ሁለተኛው ዘበኛ የውጭኛው ቋጣሪ ጡንቻ ሲሆን እንደ ክንድ ጡንቻ በፈቃዳችን ይታዘዛል። ሰው «እስከ ቤት ድረስ ልቆይ» ብሎ ራሱን ሲገታ የሚያጠብቀው ይህን ጡንቻ ነው።

ሬክተም ሲሞላ ግድግዳው ይወጠራል። በዚህን ጊዜ የውስጠኛው ጡንቻ ለጥቂት ሰከንዶች ይላላል። ይህ መላላት ስሕተት አይደለም፤ የመጣው አየር ይሁን ፈሳሽ ወይም ጠጣር፣ ስሜት ያለው የመውጫው ሽፋን እንዲለየው የሚረዳ የተፈጥሮ ዘዴ ነው። በዚያችው ቅጽበት የውጭኛው ጡንቻ ይጠብቃል፤ ባለቤቱም ጊዜውና ቦታው የተመቸ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። እንግዲህ ዓይነ ምድርን መቆጣጠር ማለት ስሜት፣ ነርቭና ሁለት ጡንቻዎች ተባብረው የሚፈጽሙት ሥራ ነው። ከነዚህ አንዱ ቢጓደል ሥራው ይሰናከላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ውጤቱ አንድ ሲሆን ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። ምክንያቱን ለመለየት ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ግፊትን የመለካት ጅምር

ግፊትን መለካት የተጀመረው በሕክምና አይደለም። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የአየርን ግፊት ባዜቃ ማለትም ሜርኩሪ በሞላበት የብርጭቆ ቱቦ አሳየ። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ በፈረስ የደም ሥር ውስጥ ቱቦ አስገብቶ ደሙ ከሁለት ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣቱን በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በ1840ዎቹ ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ሉድቪግ ግፊቱን በሚዞር ከበሮ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። ከዚህ በኋላ የሰውነት ውስጣዊ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ሊታይ ቻለ። ቀድሞ በግምት ይነገር የነበረው ነገር ሁለት ሰዎች አብረው ተመልክተው ሊከራከሩበት የሚችል ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

የለንደኑ ሐኪም

በ1877 የነርቭ ሐኪም የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ጋወርስ ስለ ፊንጢጣ ቋጣሪ ጡንቻ አሠራር አንድ ጽሑፍ ለለንደኑ የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ጋወርስ የተመለከተው የነርቭ ጉዳት ስለደረሰባቸው በፈቃዳቸው መቆጣጠር ስላልቻሉ ሕመምተኞች ነበር። በእነዚህ ሰዎች ላይ ሬክተም ሲወጠር ቋጣሪው ጡንቻ በራሱ ጊዜ እንደሚላላ አስተዋለ። ሕመምተኛው አላዘዘውም፤ ሊያስቆመውም አልቻለም። ይህ ያለ ፈቃድ የሚመጣ ምላሽ ዛሬ የምርመራው ዋና ምልክት ሆኖ የሚያገለግል ነው።

የግኝቱን ትርጉም ቆም ብለን እንመርምረው። በዘመኑም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ራስን መቆጣጠር አለመቻልን ከስንፍና ወይም ከባሕርይ ጉድለት ጋር ያያይዙት ነበር። ጋወርስ ያሳየው ግን ፈቃድ ጨርሶ የማይደርስበት የአካል ክፍል መኖሩን ነው። ሰውን በቁጣና በተግሣጽ ሊያርሙት የሚሞክሩ ሰዎች ትእዛዝ የማይሰማውን ጡንቻ እየገሠጹ ነበር ማለት ነው።

በ1935 ሁለት የነርቭ ሐኪሞች፣ ኒውዚላንዳዊው ዴኒ ብራውንና አውስትራሊያዊው ሮበርትሰን፣ ጥናቱን አስፋፉት። ኅብለ ሰረሰራቸው ወይም ከእርሱ የሚወጡት ነርቮች የተጎዱባቸውን ሕመምተኞች መረመሩ፤ በሬክተምና በመውጫው ያለውን ግፊትም መዘገቡ። ከዚህና ከተከታዮቹ ጥናቶች የተገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ የውስጠኛው ጡንቻ መላላት ከአንጎልም ሆነ ከኅብለ ሰረሰር ትእዛዝ አይጠብቅም። ምላሹ የሚመነጨው በራሱ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ከተዘረጋው የነርቭ መረብ ነው። ይህ ነጥብ ቀጥሎ ለምንተርከው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢው በልቡ እንዲይዘው ያስፈልጋል።

የኮፐንሃገን ሕፃናት

ሐራልድ ሒርሽስፕሩንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1886 በበርሊን በተደረገ ስብሰባ ላይ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ ተናገረ። ሁለቱም ከተወለዱ ጀምሮ በከባድ የሆድ ድርቀት ተሠቃይተው አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል። ሬሳቸው ሲመረመር ትልቁ አንጀታቸው እጅግ ሰፍቶና አብጦ ተገኘ። ሕመሙ ከዚያ ወዲህ በሐኪሙ ስም ተጠራ።

ሒርሽስፕሩንግና ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሐኪሞች ያበጠውን የአንጀት ክፍል በሽተኛው ነው ብለው ገመቱ። ዓይን የሚያየው እርሱን ስለሆነ ግምቱ አያስገርምም። ስለዚህ አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ያበጠውን ቆርጠው ያወጡ ጀመር፤ ሕፃናቱ ግን አልዳኑም። እውነቱ ተገልብጦ የተገኘው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። በሽተኛው ያበጠው ክፍል ሳይሆን ከእርሱ በታች ያለው፣ ሲያዩት ደኅና የሚመስለው ጠባቡ ክፍል ነበር። በዚህ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው የነርቭ ሕዋሶች የሉም። ነርቭ የሌለው አንጀት አይላላም፤ ወደፊትም አይገፋም። ከላይ ያለው ጤነኛ አንጀት የተዘጋ በር ለማስከፈት ሲታገል ይሰፋል፤ ያብጣልም።

በቦስተን ከተማ የሕፃናት ሐኪም ቤት ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኦርቫር ስዌንሰን፣ በጎማ ፊኛዎች የአንጀቱን እንቅስቃሴ እየመዘገበ በራጅም እያየ፣ የታችኛው ክፍል የመግፋት እንቅስቃሴ እንደሌለው ተረዳ። በ1948 ከባልደረባው ከአሌክሳንደር ቢል ጋር ሆኖ ጠባቡን ክፍል አውጥቶ ጤነኛውን አንጀት ወደ መውጫው የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ። ያን ጊዜ ልጆቹ መዳን ጀመሩ። በአንድ የመለኪያ መስመር ምክንያት የሐኪሙ ቢላዋ ከተሳሳተው ስፍራ ወደ ትክክለኛው ስፍራ ተዛወረ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሕመም በግምት ከ5,000 ሕፃናት አንዱን ይይዛል፤ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበረታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር በሁለት ቀን ውስጥ ካላወጣና ሆዱ ከተነፋ ወደ ሐኪም ቤት ሊወሰድ ይገባል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ተማሪዎቻችን ለወላጆቻቸው ቢነግሩ ትልቅ ጥቅም ያስገኛል።

ሦስት ፊኛዎች

አሁን ሁለቱ የታሪክ መንገዶች የሚገናኙበት ስፍራ ደረስን። ጋወርስ ያየው ምላሽ የሚመነጨው ከአንጀት ግድግዳ ነርቮች ከሆነ፣ እነዚህ ነርቮች በሌሉበት ሕፃን ላይ ምላሹ ሊኖር አይገባም። እንግዲያው ሬክተምን በፊኛ ወጥሮ የውስጠኛው ጡንቻ ይላላ እንደሆነ መመልከት ሕመሙን ያለ ቢላዋ ለመጠርጠር ያስችላል ማለት ነው።

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት የነበረው ማርቪን ሹስተር ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 የውስጠኛውን ጡንቻ ምላሽ በመለኪያ አጥንቶ ጽሑፍ አወጣ። በ1965 ደግሞ የሁለቱን ጡንቻዎች ምላሽ በአንድ ጊዜ ለየብቻ የሚመዘግብበትን ዘዴ ገለጸ። መሣሪያው በአሠራሩ ቀላል ነበር። አንደኛው ፊኛ ከሬክተም ውስጥ ገብቶ ይነፋል፤ ሁለተኛው ከውስጠኛው ጡንቻ ጋር፣ ሦስተኛው ከውጭኛው ጡንቻ ጋር ይገጥማል። የመጀመሪያው ሲነፋ በጤነኛ ሰው የሁለተኛው መስመር ዝቅ ይላል፤ የሦስተኛው ከፍ ይላል። ሁለቱ ዘበኞች የሚያደርጉት ሁሉ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይታያል።

በ1967 ሎውሰንና ኒክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር፣ በ1968 ደግሞ የባልቲሞሮቹ ሐኪሞች፣ የሒርሽስፕሩንግ ሕመም ያለባቸው ልጆች መስመር ዝቅ እንደማይል አሳዩ። የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሚሰጠው ዛሬም ከግድግዳው ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይሁን እንጂ መስመሩ በሚገባ ዝቅ ካለ ሕመሙ የለም ለማለት ይረዳል፤ ልጁም ከማያስፈልግ ቁስል ይድናል።

ሕመምተኛው ተማሪ፣ መሣሪያው አስተማሪ

ለእኛ ለአስተማሪዎች ከሁሉ የበለጠ የሚማርከው የ1974ቱ ሥራ ነው። ኤንግል፣ ኒኩማኔሽና ሹስተር ዓይነ ምድራቸውን መቆጣጠር እጅግ ያቃታቸውን ስድስት ሕመምተኞች ወሰዱ። መለኪያው የውጭኛው ጡንቻቸው በሚገባ እንደማይሠራ አመልክቶ ነበር። ሐኪሞቹ መድኃኒት በመስጠት ፈንታ መስመሩን ለሕመምተኞቹ አሳዩአቸው። ፊኛው ሲነፋ ሕመምተኛው ጡንቻውን ለማጥበቅ ይሞክራል፤ የሙከራውንም ውጤት ወዲያው በዓይኑ ያያል። መስመሩ ከፍ ካለ ትክክል መሥራቱን ያውቃል፤ ካላለ እንደገና ይሞክራል። በኋላም መስመሩን ሳያይ እንዲሠራ ይለማመዳል።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት በተደረገው ክትትል ከስድስቱ አራቱ ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ቻሉ፤ የቀሩት ሁለቱም ግልጽ መሻሻል አሳዩ። ስድስት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶችም ውጤቱ ለሁሉም ሰው እኩል እንዳልሆነ አሳይተዋል። ዘዴው ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ትምህርቱም ግልጽ ነው፤ እነዚያ ሰዎች የተለወጡት ስሕተታቸውን ሳይዋረዱ እንዲያዩት ስለተደረገ ነው። በክፍላችን ውስጥስ ከዚህ የተለየ ምን እንሻለን?

ምርመራው ዛሬ

በአሁኑ ጊዜ በፊኛዎቹ ፈንታ ብዙ ጥቃቅን የግፊት መለኪያዎች የተደረደሩበት ቀጭን ቱቦ ያገለግላል፤ ውጤቱም በኮምፒውተር ላይ በቀለም ይታያል። ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ተኝቶ እንዲያርፍ፣ እንዲያጠብቅ፣ እንዲያስልና እንዲያምጥ ይጠየቃል። ከዚያም በቱቦው ጫፍ ያለው ፊኛ ጥቂት በጥቂት ይነፋና መቼ እንደተሰማው ይናገራል። በመጨረሻም 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ የያዘ ፊኛ በራሱ ኃይል ማስወጣት ይችል እንደሆነ ይታያል። ምርመራው ትንሽ ያሳፍር ይሆናል እንጂ ብዙ አያሳምምም። ቀድሞ እያንዳንዱ ሐኪም ቤት በየራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር ቁጥሮቹን ማነጻጸር ያስቸግር ነበር፤ በ2020 የወጣው የለንደን አመዳደብ የሚባለው ስምምነት የአለካኩን ሥርዓት አንድ ለማድረግ ረድቷል።

ግፊቱ የሚገለጸው እንደ ደም ግፊት በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። የሳይንስ አስተማሪዎች ይህን በክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። በሁለቱም ወገን ቀጥ ብላ የቆመች ረዥም የፕላስቲክ ቱቦ ውሰዱና መካከልዋን አጥፋችሁ ቀለም ያለው ውሃ ጨምሩባት። ከአንዱ ጫፍ ላይ የተነፋ ፊኛ ስታስሩ በሌላው በኩል ውሃው ከፍ ይላል። ሜርኩሪ ከውሃ 13.6 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት 82 ሴንቲሜትር ከሚጠጋ የውሃ ከፍታ ጋር እኩል ነው። ተማሪዎች ያች ትንሽ ጡንቻ ቀንና ሌሊት የምትሠራውን ሥራ ያን ጊዜ ይገነዘባሉ።

ይሁን እንጂ ግፊት ብቻውን ሁሉን አይናገርም። በእንግሊዝ አገር ተደርጎ በ1993 በታተመ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለዱ 79 ሴቶች በ28ቱ ላይ በቋጣሪዎቹ ጡንቻዎች ላይ ጉዳት መድረሱ በአልትራሳውንድ ታይቷል፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ምንም አልታወቃቸውም ነበር። በኢትዮጵያም የምናውቀው ሌላ ጉዳት አለ። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ ተጭኖ በሚያቆስለው ቦታ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ይህም ፊስቱላ ይባላል። በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፣ በ1974 ለነዚህ ሴቶች ልዩ ሐኪም ቤት አቋቋሙ። ፊስቱላ የጡንቻ ድካም ሳይሆን ቀዳዳ ስለሆነ ፈውሱም ሌላ ነው። በሰው ዓይን ግን በፊስቱላ የምትሠቃየው ሴትና ጡንቻዋ የተጎዳው እናት አንድ ስም፣ አንድ ውርደት ሲሰጣቸው ኖሯል።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። በትምህርት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ልብሳቸውን ሲያቆሽሹ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቆየ የሆድ ድርቀት ነው። ልጁ አንድ ቀን ደረቅ ዓይነ ምድር ሲያሳምመው በሌላው ቀን ይይዘዋል። ወይም የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ንጽሕና ወይም መዝጊያ ስለሌለው እስኪመሽ ድረስ ይታገሣል። የተጠራቀመው ዓይነ ምድር ሬክተምን እየለጠጠው ሲሄድ ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ በደረቁ ጎን አልፎ ሳይታወቀው ያመልጣል። ልጁ «አልተሰማኝም» ሲል እውነቱን ነው። የዚህ ዓይነቱ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራውን ሳያስፈልገው፣ ሐኪም በሚሰጠው ማለስለሻ፣ በቂ ውሃና አትክልት በመውሰድ፣ ከምግብ በኋላ ሳይጣደፍ በመቀመጥ ልማድና በትዕግሥት ይድናል። ካልተሻለው ግን መመርመር ይኖርበታል።

ግፊት መለኪያው በከተማ ትልልቅ ሐኪም ቤቶች እንጂ በየወረዳው አይገኝም። ከአስተማሪ የሚጠበቁት ነገሮች ግን መሣሪያ አይጠይቁም። ልጁን በክፍሉ ፊት አለመውቀስ፤ በፈለገ ጊዜ ሳይጠየቅ እንዲወጣ መፍቀድ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር እንዲዘጋና ውሃ እንዲኖረው መከታተል፤ ወላጆቹን ለብቻቸው ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት መምከር፤ የክፍል ጓደኞቹ ሲስቁ ዝም አለማለት። እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ስለሚፈራ ነው፤ የሚፈራውም እኛን ነው። ጋወርስ በ1877 ሕመምተኛውን ከመገሠጽ ይልቅ ጡንቻውን መመልከት ስለመረጠ የመቶ ዓመት እውቀት በር ተከፈተ። እኛም ያን ቀን በሰባተኛ ክፍል ውስጥ «ምን ሆንክ?» ብለን ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ ልጁ ምናልባት በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ ይመለስ ነበር።